የሚስተር ጊዮርጊስ ምዘና

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የንጉሡን ዘመን እንዳይመስላችሁ። እሱ አልፎ ተቀብሯል። ደርግም ወድቆ፣ አዲሶቹ ገብተው ሰንብተው፣ ያ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ትምህርት ቤት ድረስ የመጣበትን ጊዜ ነው የምላችሁ። አንቺ ሰላም፣ ያኔ ገና ከእናትሽ ጀርባ አልወረድሽም። ይኸው ዛሬ የፊዚክስ መምህርት ሆነሽ፣ ቦንጋ ተመደብኩ ብለሽ፣ ወንድምሽን አስከትለሽ መጥተሽ "እትዬ አስካለ፣ ስለ ቦንጋ ያጫውቱኝ" ትይኛለሽ። ስለ ጫካው ከሆነ ሌላ ሰው ጠይቂ። ስለ ጫካው የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ከዚያ ከወጣሁ ወዲህ አልተመለስኩም፤ የእናቴን መቃብር ሣር ሲውጠው እንኳ አልሄድኩም። ብዙ አገር አይቻለሁ፣ ዓይኔ እስኪደክም መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ያቺ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግን የትም ብሄድ ትከተለኛለች። ስልክሽ እየቀዳ ነው? ይቅዳ። ከእንግዲህ ማን ምን ያደርገኛል?

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ነው። ታች ክፍል በካፊኖኖ፣ በካፋዎቹ ቋንቋ፣ እና ባማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ፣ የክፍሉም ኃላፊ እኔው ነበርኩ፣ እና ልጆቹ ምን እንደሚያውቁ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ይነግሩሻል፣ ከዚያ በኋላ ዝም። እና በዚያ ላይ ፕላዝማው መጣ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ውስጡ አንድ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይጣደፋል፤ ቆየኝ ቢሉት አይቆይ፣ ድገምልኝ ቢሉት አይሰማ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰውዬው ሌላ ምዕራፍ ገብቷል። የኛ መምህር አጠገቡ እጁን አጣምሮ ያያል። ልጆቹም ያያሉ። ትምህርት ማለት እሱ ነበር።

እና የፊዚክስ መምህር ጠፋ። የሚመደበው ሁሉ ዝናቡንና ጭቃውን አይቶ በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል። በመጨረሻ "ከውጭ አገር የተቀጠረ ይመጣላችኋል" ተባለ፣ እና መጣ። ሕንዳዊ ነው፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ። ስሙ ቫርጌስ ነው። መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብለን "የኔ ስም በናንተ ጊዮርጊስ ማለት ነው፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ" ብሎ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳን፣ ርዕሰ መምህራችን አቶ ታፈሰ "በቃ! ሚስተር ጊዮርጊስ!" አለ፣ እንደዚያው ቀረ። ገበያ ወርዶ ኮረሪማ አንስቶ አሽትቶ "ያገሬም ጫካ እንዲህ ይሸታል" ሲለኝ ትዝ ይለኛል።

መጀመሪያ ላይ እሱም ከፕላዝማው አልተሻለም። እውነቱን ልንገርሽ፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ግን ይፈጥናል፣ ቃሉንም እንደ አገሩ አድርጎ ያሽከረክረዋል። የኛ ልጆች ደግሞ ፊት ለፊታቸው ቆሞ እንግሊዝኛ ሲናገር የሰሙት እኔን ብቻ ነው። ሲጨርስ ወደነሱ ዞሮ "ገባችሁ?" ይላል። እነሱም ባንድ ድምፅ "ይስ ሰር!" ይላሉ። እዚያ አገር እንግዳ ተናግሮ ሲጨርስ አልገባኝም አይባልም፤ ነውር ነው፤ ሰውን ከሩቅ አምጥቶ ማሳፈር ነው። እና "ይስ ሰር" እያሉት ሰንብተው ፈተና ሰጣቸው። ወረቀቱን ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ባዶ። ሁሉም ባዶ።

"ማዳም አስካለ፣ እዚህ አገር ይስ ሰር ማለት ምን ማለት ነው?" አለኝ።

"እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው" አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን "ደደቦች ናቸው" ብሎ ደሞዙን እየበላ ይቀመጥ ነበር። አይቻለሁ እንዲያ ያሉ፤ የኛም ሰዎች ውስጥ አሉ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋንቋ ይለቅም ጀመር። ከሱቅ አማርኛ፣ ከተማሪ ካፊኖኖ። ሻይ ቤት ተቀምጦ "ይሄ ምን ይባላል? ይሄስ?" ሲል ነው የሚውለው። አማርኛው እንዴት እንደሚያስቅ! ክፍል ይገባና ጮክ ብሎ፣ "ይስ ሰር የለም! ይስ ሰር ያለ ውጭ! አልገባኝም ያለ ጎበዝ!" ይላል። ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ ግን ማንም አልገባኝም አይልም።

ታዲያ መጀመሪያ ያለችው ብርቄ ነች። ብርቄን ልንገርሽ። ማንኪራ የምትባል የገጠር መንደር ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ገብሬ ንብ አናቢ ናቸው፤ እሷ ቦንጋ ዘመድ ቤት ተጠግታ አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ጋሽ ገብሬ ቁርጡን ነግረዋታል፤ "የአሥረኛን ፈተና ካለፍሽ ትቀጥያለሽ፣ ማርም ሸጬ ቢሆን አስተምርሻለሁ። ከወደቅሽ ግን ደካ ከተማ ለጋብቻ የጠየቀሽ ሰው አለ፣ ቃል ሰጥቼዋለሁ።" የጠየቃት ሰው በአባቷ ዕድሜ ያለ ነጋዴ ነበር። እና ይቺ ልጅ ናት አንድ ቀን ተነስታ "አልገባኝም ሰር" ያለችው። እኔ በመስኮቱ በኩል አልፍ ነበርና ሰማሁ። ሚስተር ጊዮርጊስ ጠመኔውን ወርውሮ አጨበጨበ።

"ምን አልገባ?"

"ምንም አልገባኝም ሰር።"

"ጎበዝ! ምንም ጥሩ ነው! ከምንም እንጀምራለን!"

የሚያስተምረው ከባድ ነገር በገመድ እንዴት እንደሚነሳ ነበር። "አባትሽ ቀፎ ዛፍ ላይ እንዴት ያወጣል?" አላት። የማንኪራ ቀፎ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ አንዱ ወጥቶ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ ያዞራል፣ ሌላው ከታች ይጎትታል። እሷ በካፊኖኖ ተናገረች፣ አንዱ ልጅ ባማርኛ ጨመረበት፣ እሱ ሰሌዳው ላይ ሣለው፣ እና መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛውን ስም ሰጠውና አስደገማቸው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነዋ! እንዲያ ነበር መንገዱ። መጀመሪያ በአፋቸው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። ፊዚክሱንም፣ የተደረበለትን ሒሳቡንም እንዲያ። እና ባዶ የነበረው ወረቀት ይሞላ ጀመር። ተሳስተውም ይጽፋሉ፣ ግን ይጽፋሉ። አቶ ታፈሰ የፕላዝማውን ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ የሚጠይቀው ቢመጣ "ተበላሽቷል" ይላል።

ታዲያ ምን ያደርጋል። በሌላ በሌላ ቦታ ከውጭ የመጡ መምህራን የሚናገሩት ለልጆቹ አይገባም የሚል አቤቱታ በዝቶ ኖሮ፣ ከላይ መመሪያ ወረደ። ከውጭ የተቀጠረ መምህር ሁሉ የቋንቋ ብቃቱ ይመዘን፤ ብቁ ያልሆነ ይሰናበት። ደግ ነው አልኩ። እኔው ነኝ ደግ ነው ያልኩት! ንግግሩ ለልጅ የማይገባ መምህር ምን ይሠራል? ግን መመዘኛውን ሳነበው ምን ይላል መሰለሽ፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ ከማስተማሪያው ቋንቋ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ሌላ የሚናገር ከሆነ ብቁ አይደለም። አለቀ። ልጁ ገባው ወይ የሚል አንድ ጥያቄ የለበትም። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት። የለበትም።

መዛኞቹ ሦስት ነን፤ ከላይ የመጣ ኢንስፔክተር፣ አቶ ታፈሰ፣ እኔ። ኢንስፔክተሩ መጥፎ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በይ፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጨዋ ወጣት ነው፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ "እትዬ፣ አገራችሁ ውብ ነው፣ መንገዳችሁ ብቻ" እያለ የሚስቅ።

እና እኔ ሚስተር ጊዮርጊስን ቀድሜ ያዝኩት። "ነገ አንዲት የካፊኖኖ፣ አንዲት ያማርኛ ቃል ካፍህ እንዳትወጣ" አልኩት።

"ልጆቹስ?"

"ልጆቹን ነግሬያቸዋለሁ።"

ሳቀ። "ስለዚህ ነገ ይስ ሰር ይፈቀዳል ማለት ነው" አለኝ።

እና ምዘናው አማረ። ኢንስፔክተሩ ከኋላ ተቀምጦ፣ ሰውዬው ቀስ ብሎ፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ እነዚያ ልጆች ቀድሞ የገባቸውን ነገር መልሶ አስተማራቸው። ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ብርቄን በእንግሊዝኛ ጠየቃት፤ መለሰችለት። ሌላም ጠየቀ፤ መለሱለት። "ኤክሰለንት! ኤክሰለንት!" እያለ ወጣ። ቢሮ ገባን። ሻይ መጣ። "እውነቱን ለመናገር ካየኋቸው ሁሉ ይሄኛው ይበልጣል፣ እንፈርምና ልሂድ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አለ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ።

በሩ ተንኳኳ።

የማንኪራ ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት ጋሽ ገብሬ፣ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ቅል ማር ታቅፈው። ከጎናቸው ሃምሳ አለቃ ወልዴ፣ በደርግ ጊዜ ሰሜን ዘምተው የተመለሱ ናቸው፣ ያማርኛ ሰው እሳቸው ናቸው። ከኋላ ሌሎችም። ለካ ልጆቹ "መምህራችን ሊመዘን ነው" ብለው መንደር አውርተዋል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሰውዬው ተከሶ የሚዳኝ መስሏቸዋል። እና እዚያ አገር ሰው ሲከሰስ፣ ደግነቱን የሚያውቅ ቆሞ ይመሰክርለታል እንጂ ቤቱ አይቀመጥም።

አቶ ታፈሰ ብድግ አለ። "አባቶቼ፣ ስብሰባ ላይ ነን፣ ሲያልቅ እንጠራችኋለን..."

ኢንስፔክተሩ ከለከለው። "የለም የለም፣ ይግቡ እንጂ! ማኅበረሰቡን ማሳተፍ መመሪያው ላይ አለ።"

አየሽ?

ጋሽ ገብሬ ያማርኛ ገበያ እንጂ ያማርኛ ሸንጎ አያውቁም፤ "ልጄ ትጠራልኝና ቃሌን ታድርስልኝ" አሉ። ብርቄ ተጠርታ መጣች። እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በካፊኖኖ፣ በዚያ በሚያምር አነጋገራቸው ጀመሩ። እኔ እናቴ የካፋ ሰው ናት፣ ሁሉንም ሰማሁ። ምን አሉ መሰለሽ፤

"ይቺ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድዳ ነበረች። ምን ተማርሽ ስላት ዝም ትለኝ ነበር። ይህ ሰው ከባሕር ማዶ መጣ። የእናቷን ቋንቋ ተማረ፣ በእናቷ ቋንቋ አስተማራት። አሁን እኔ ቀፎ ስሰቅል እሷ ከታች ሆና ለምን እንደሚቀልል ትነግረኛለች። መንግሥት በቋንቋችሁ ተማሩ ብሎናል። እንግዲህ የመንግሥትን ቃል የፈጸመ ይህ ሰው ነው። ፍረዱለት።"

አቶ ታፈሰን አየሁት፤ ካፊኖኖ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ ሰምቷል፣ ሻዩ እጁ ላይ ቀርቷል። ሁላችንም ብርቄን አየናት። ልጅቱ ከኮርኒሱ ላይ ቃል የምትፈልግ ይመስል ቀና አለች። ከዚያ ባማርኛ፣ በለሆሳስ፣

"አባቴ... ሚስተር ጊዮርጊስ በጣም ጎበዝ መምህር ናቸው፣ በእንግሊዝኛ በደንብ ያስተምሩናል ይላሉ" አለች።

ተረፍን አልኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ተረፍን አልኩ። ኢንስፔክተሩም ራሱን እየነቀነቀ "በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ" ይላል።

ሃምሳ አለቃ ወልዴ በከዘራቸው ወለሉን መቱት። "ኧረ! ኧረ አንቺ ልጅ! እንዲህ አላለም! የአባትሽን ቃል ትሰርቂያለሽ? ሽማግሌ የላከውን ታጎድያለሽ?"

"ሃምሳ አለቃ፣ ይተዉ፣ ልጅቷ..." አልኩ።

"እንዴት እተዋለሁ እትዬ አስካለ! ሰውዬው ሊፈረድበት!" እና ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እንደ ወታደር ጮክ አድርገው፣ "ጌታዬ! በካፊኖኖ ነው የሚያስተምራቸው! ባማርኛም ይጨምርበታል! እንግሊዝኛውን ለመጨረሻ ነው የሚያመጣው!"

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ኪሱ መለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሁልጊዜ ነው?"

"ሁልጊዜ! አንድ ቀን አያጎድልም!"

ሽማግሌዎቹ በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ ገብሬ "ምን አለ ዳኛው?" ብለው በካፊኖኖ ጠየቁ። "ደስ ብሎታል" አሏቸው ሃምሳ አለቃ። ብርቄ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ነበር፤ ወጥታ ሄደች።

ጋሽ ገብሬ ቅሉን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ኢንስፔክተሩ ከመቀመጫው ተነሳ፤ አክብሮ ነው የተነሳው፣ ክፉ አልተናገረም፣ ግን ቅሉን በጣቱ ጫፍ መለሰው። "ይቅርታ አባቴ፣ ሥራ ላይ ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም።" ሃምሳ አለቃ እንኳ ይህን አልተረጎሙም። ምን ብለው ይተርጉሙት? ማር ይዞ የመጣ ሰው ማሩን ተሸክሞ ሲመለስ እዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

ከወጡ በኋላ ተጨቃጨቅን። ተጨቃጨቅን ነው የምልሽ! "ልጆቹን ራስዎ ጠየቁ፣ በእንግሊዝኛ መለሱልዎት፤ ከዚህ በላይ ምን ብቃት አለ?" አልኩት።

"እትዬ፣ የሰማሁትን አልሰማሁም ልበል? ብቻዬን አይደለም የሰማሁት። ነገ አንዱ ቢያወራ እኔ ምን እሆናለሁ?"

"መመሪያው የወጣው ለልጆቹ እንዲገባቸው አይደለም?"

"መመሪያው ያንን አይልም።"

"አይልም! እሱማ አይልም!"

አቶ ታፈሰ "እትዬ አስካለ፣ በቃ" አለኝ፤ ፕላዝማውን የቆለፈው እሱ ነዋ፣ የሚፈራው ነበረው። እኔ አልፈርምም አልኩ። "ግድ የለም፣ ሁለት ፊርማ ይበቃል" ተባልኩ። ይበቃ ኖሯል። በቃ።

ለሚስተር ጊዮርጊስ የነገርኩት እኔ ነኝ። "ማን ነገራቸው?" አለኝ። "የሚወዱህ ሰዎች" አልኩት። ጃንጥላውን እየከፈተ እየዘጋ፣ "ፈተናቸው ሳይደርስ ነው የምሄደው?" ብቻ አለ። የጅማው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ልጆቹ አጥሩ ሥር ቆመው ነበር፤ አንዱም አላለቀሰም፣ እንግዳ ሲሸኝ አይለቀስም። በማግሥቱ የፕላዝማው ሳጥን ተከፈተ። ያ ሰውዬ ካቆመበት ሳይሆን ከፈለገበት ቀጠለ።

ብርቄ ወደቀች። እንግሊዝኛውን አልፋለች፣ አማርኛውንም፤ የጣላት ፊዚክሱና ሒሳቡ ነው። እኔ ማንኪራ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ጋሽ ገብሬን ልለምን። አስቀመጡኝ፣ አበሉኝ፣ ለመንኳቸው። "እትዬ፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን ካጠፍኩ ነገ ማን ይሰማኛል?" አሉኝ። ብርቄ በሩ ላይ ቆማለች፤ ተሞሽራ ልትሄድ የቀራት ትንሽ ነው። ከዚያ ጋሽ ገብሬ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን አሉኝ መሰለሽ፤

"እትዬ አስካለ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ። ማሩ ነው አይደል?"

"የቱ ማር?"

"ዳኛው የመለሰው። ያን ዓመት የነጩ ማር ዛፍ፣ ገተማው፣ አላበበልኝም፣ ነጭ ማር አልነበረኝም፣ ቀዩን ነው የወሰድኩት። ትልቅ ሰው ፊት ቀይ ማር ይቀርባል? እሱን ንቆ መለሰ፣ ተቆጣ፣ ሰውዬውን አባረረ። ነጭ ማር ባገኝ ኖሮ ልጄ አትወድቅም ነበር።"

እኔ አፌን ከፈትኩ። ልነግራቸው ነው፤ አይደለም ልላቸው ነው፤ ማሩ ምን በወጣው ልላቸው ነው። ብርቄ ከበሩ ላይ ቀደመችኝ። በእንግሊዝኛ። ጥርት ባለ፣ አንዲት ስሕተት በሌለበት እንግሊዝኛ፣ "ማዳም፣ እባክዎን አይንገሩት። የገዛ ቃሉ እንደጣለኝ ካወቀ አባቴ ዳግመኛ አይናገርም" አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ከተማሪ አፍ እንደዚያ ያለ እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ገብሬ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። "ምን አለች?"

"ማሩ ነው ትላለች" አልኳቸው።

"አዎ" አሉ። "እኔም ብዬ ነበር።"

እሷ ደካ ሄደች። እኔም በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ወጣሁ። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ጫካውን የማላወራልሽ።

(ሰላም ስልኳን ወደሳቸው አስጠጋች። ከዚያ "እትዬ፣ እኔስ እዚያ ስሄድ በምን ቋንቋ ላስተምር?" አለቻቸው።)

በሩን ዝጊና በሚገባቸው አስተምሪ። እና ልጄ፣ ጠላትሽን አትፍሪ፤ ጠላት ቢሮ ሄዶ የሚለው ስለማይታመን ምንም አይጎዳሽም። ሊያመሰግንሽ የሚመጣውን ነው መንገድ ላይ ወጥተሽ የምትመልሽው። (ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙም አልቆየም።)